ሁለት መድኃኒት ሁልጊዜ ከአንድ ይሻላል?

እ.ኤ.አ. በ2014 ቺካጎ ላይ በተካሄደው የአሜሪካ የካንሰር ሐኪሞች ማኅበር ጉባኤ ከቀረቡት ጥናቶች አንዱ በ90 ሴቶች ላይ የተሠራ ነበር። ሁሉም የእንቁልጢ ካንሰር ታክመው ከተሻላቸው በኋላ ያገረሸባቸው ናቸው። ግማሽ ያህሉ ኦላፓሪብ የሚባለውን መድኃኒት ለብቻው ወሰዱ፤ ለቀሩት ሴዲራኒብ የሚባል ሌላ ኪኒን ተጨመረላቸው። አንዱን ብቻ በወሰዱት ላይ ካንሰሩ እንደገና ማደግ እስኪጀምር 9 ወር ቆየ። ሁለቱን አጣምረው በወሰዱት ግን 17.7 ወር ሆነ። እጥፍ ሊባል ትንሽ የቀረው ነው፤ ያውም ክንድ ላይ መርፌ ተተክሎ የሚንጠባጠብ ኬሞቴራፒ ሳይሆን ቤት ውስጥ በውሃ የሚዋጥ መድኃኒት።

ያ ተስፋ የት እንደደረሰ ቆይተን እናያለን። ከዚያ በፊት ግን ሐኪሞች ለምን መድኃኒት ላይ መድኃኒት እንደሚጨምሩ፣ ጭማሪው መጥቀሙንስ በምን እንደሚያውቁ መረዳት ይበጃል።

እንቁልጢ፣ ሐኪሞች ኦቫሪ የሚሏት፣ ከማህፀን ግራና ቀኝ ያለች ትንሽ እጢ ናት። ሆድ ውስጥ ጠለቅ ብላ ስለተቀመጠች ካንሰር ሲጀምራት ቶሎ አይታወቅም። ሆድ ይነፋል፣ ትንሽ ተበልቶ ይጠገባል፣ ሽንት ቶሎ ቶሎ ይመጣል። እነዚህ ሁሉ በጨጓራ ወይም በአሜባ የሚሳበቡ ምልክቶች ናቸው። ስለዚህ ብዙዎቹ ሴቶች ሐኪም ቤት የሚደርሱት በሽታው በሆድ ዕቃ ሽፋን ላይ ከተሰራጨ በኋላ ነው። በ2022 በዓለም ዙሪያ ከ320 ሺህ በላይ ሴቶች በዚህ ካንሰር መያዛቸው ሲገመት፣ በዚያው ዓመት ከ200 ሺህ በላይ ሴቶች ሞተውበታል።

የመጀመሪያው ሕክምና ከሞላ ጎደል በየአገሩ አንድ ነው፤ ቀዶ ጥገናና ሁለት ኬሞቴራፒዎች። ካርቦፕላቲንና ፓክሊታክሰል በየሦስት ሳምንቱ፣ በአብዛኛው ስድስት ጊዜ ይሰጣሉ።

ሁለቱም የመጡት ማንም ካልጠበቀው ቦታ ነው። በ1965 በአሜሪካ ሚሺጋን ባርኔት ሮዘንበርግ የተባሉ ሳይንቲስት ባክቴሪያ በኤሌክትሪክ መስክ ውስጥ ምን እንደሚሆን ሲመረምሩ፣ ተህዋስያኑ መራባታቸውን አቁመው እየረዘሙ ብቻ ሲሄዱ አዩ። ምክንያቱ ኤሌክትሪኩ አልነበረም። ኤሌክትሪክ ከሚያስተላልፉት የፕላቲነም ዘንጎች ወደ ፈሳሹ የሟሟው ንጥረ ነገር ነበር። ያ ግኝት ሲስፕላቲን የተባለውን የካንሰር መድኃኒት ወለደ፤ ካርቦፕላቲን ደግሞ የእሱ ለዘብ ያለ ተከታይ ነው። ፓክሊታክሰል በበኩሉ በ1962 በምዕራብ አሜሪካ ጫካ ከተሰበሰበ የዛፍ ቅርፊት ተጣርቶ የወጣ ነው። ለብዙ ዓመታት ቅርፊቱ የተላጠው ዛፍ ይደርቅ ስለነበር መድኃኒቱን በበቂ መጠን ማግኘት ራሱን የቻለ ፈተና ሆኖ ቆየ። በ1992 በአሜሪካ ሲፈቀድ የመጀመሪያ ሥራው ያገረሸ የእንቁልጢ ካንሰርን ማከም ነበር።

እነዚህ መድኃኒቶች በመጀመሪያው ዙር ብዙ ጊዜ ጥሩ ይሠራሉ። ዕጢው ይሟሽሻል፣ ሆድ ውስጥ የተቋጠረው ውሃ ይደርቃል፣ የደም ምርመራው ይስተካከላል። ችግሩ የሚመጣው በኋላ ነው። ዘግይተው ከደረሱት ሴቶች መካከል በአብዛኞቹ ላይ በወራት ወይም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ያገረሻል። ካገረሸ በኋላ ሙሉ በሙሉ መዳን የጥቂቶች ዕድል ስለሆነ የሐኪሙም ጥያቄ ይለወጣል፤ በሽታውን ምን ያህል ጊዜ ማቆየት ይቻላል? ያ ጊዜስ በምን ዋጋ ይገዛል?

መድኃኒት የማጣመርን ሐሳብ የካንሰር ሐኪሞች በከፊል የተዋሱት ከሳንባ ነቀርሳ ነው። በ1940ዎቹ ስትሬፕቶማይሲን ብቻውን ሲሰጥ ታማሚው ከአልጋ ይነሳና ከወራት በኋላ ተመልሶ ይወድቅ ነበር፤ ባክቴሪያው መድኃኒቱን ይላመዳልና። የብሪታኒያ ተመራማሪዎች ፓስ የተባለ ሁለተኛ መድኃኒት ሲጨምሩበት መላመዱ በእጅጉ ቀነሰ። ዘመዱ የቲቢ መድኃኒት ሲወስድ ያየ ሰው በአንድ ጊዜ አራት ዓይነት የሚሰጠው ለምን እንደሆነ ከጤና ባለሙያ ሳይሰማ አልቀረም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ኤሚል ፍራይና ኤሚል ፍራይሪክ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች ይህንኑ ሐሳብ ይዘው የደም ካንሰር ለያዛቸው ሕፃናት አራት መድኃኒቶችን በአንድነት መስጠት ጀመሩ። ጭካኔ ነው ያሏቸው ባልደረቦች ነበሩ። ዛሬ የሕፃናት የደም ካንሰር በአብዛኛው የሚድን በሽታ የሆነው ግን በዚያ መንገድ ተሂዶ ነው።

ሐሳቡ ሲነገር ቀላል ነው። በአንድ ዕጢ ውስጥ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ህዋሶች አሉ፤ ከመካከላቸው አንደኛውን መድኃኒት የሚቋቋሙ ጥቂቶች አይጠፉም። ከአንደኛው የተረፉትን በሌላ መንገድ የሚሠራ ሁለተኛ መድኃኒት ይገድላቸዋል። ሆኖም የሚደመረው ጥቅሙ ብቻ አይደለም፤ የጎንዮሽ ጉዳቱም አብሮ ይደመራል። ኬሞቴራፒ ደም የሚመረትበትን መቅኒ ይጎዳል። ሁለት መቅኒ ጎጂ መድኃኒቶች በአንድ ላይ ሲሰጡ ታማሚዋ እንድትችላቸው የሁለቱም መጠን ይቀነሳል። ያን ጊዜ ሴቲቱ የምትወስደው በስም ሁለት፣ በመጠን ግን ሁለት ግማሽ መድኃኒት ሊሆን ይችላል። ጭማሪ ሁሉ በሙከራ መመዘን ያለበት ለዚህ ነው።

ሐኪሞች ያገረሸውን በሽታ ለረጅም ጊዜ ሲከፍሉ የኖሩት በስድስት ወር ድንበር ነው። ከመጨረሻው የፕላቲነም ሕክምና ስድስት ወርና ከዚያ በላይ ቆይቶ የተመለሰ ካንሰር ለፕላቲነም አሁንም ይበገራል ተብሎ ይታሰባል። ከዚያ ቀድሞ የተመለሰው መድኃኒቱን እንደተላመደ ይቆጠራል። በ180ኛውና በ190ኛው ቀን መካከል ተአምር የለም፤ ድንበሩ ለሥራ እንዲመች የተሰመረ ነው። ቢሆንም ሙከራዎቹ የተነደፉት በእሱ ላይ ስለሆነ ውጤቱን ለማንበብ እሱን ማወቅ ግድ ይላል።

ለሚበገረው ካንሰር መልሱ ቀድሞ ተገኘ። በ2003 የታተመው አይከን 4 የተባለ ሙከራ 802 ሴቶችን አሳተፈ። ፕላቲነም ላይ ፓክሊታክሰል ከተጨመረላቸው ሴቶች መካከል ከሁለት ዓመት በኋላ በሕይወት የነበሩት ከመቶ 57 ሲሆኑ፣ በቀድሞው የፕላቲነም ሕክምና ከታከሙት ከመቶ 50 ነበሩ። እዚህ ላይ መደመር በእርግጥ ዕድሜ ገዝቷል።

ቀጥሎ የተነሳው ጥያቄ የትኛው ጥንድ ይሻላል የሚል ነበር። ካሊፕሶ በተባለው ሙከራ 976 ሴቶች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ገሚሶቹ ካርቦፕላቲንን ከፓክሊታክሰል ጋር፣ ገሚሶቹ በስብ ከረጢት ከተሸፈነ ዶክሶሩቢሲን ጋር ወሰዱ። በሁለተኛው ጥንድ ካንሰሩ 11.3 ወር፣ በመጀመሪያው 9.4 ወር ሳያድግ ቆየ፤ በጠቅላላ ዕድሜ ግን የጎላ ልዩነት አልታየም። የዚህ ጥናት ትልቁ ትርፍ ሌላ ቦታ ነው። ፓክሊታክሰል ከወሰዱት ከመቶ 84ቱ ፀጉራቸው በጉልህ ሲረግፍ በሌላው ወገን ከመቶ 7ቱ ብቻ ረገፈባቸው። የእጅና የእግር መደንዘዝ በአንደኛው ከመቶ 27፣ በሌላው ከመቶ 5 ነበር። በአንጻሩ የመዳፍና የእግር ቆዳ መቅላትና መላጥ በዶክሶሩቢሲኑ ወገን በዛ። ለልብስ ሰፊ የጣት ስሜት እንጀራ ነው፤ ለሌላዋ ደግሞ ፀጉሯ ሳይረግፍ የልጇን ሠርግ ማየት ከሁሉ ይበልጥባት ይሆናል። ዕድሜ ላይ እኩል የሆኑ ሁለት ሕክምናዎችን መምረጥ የሐኪሙ ብቻ ሥራ ሊሆን አይገባም።

በእነዚህ ቁጥሮች ላይ አንድ ማሳሰቢያ ያስፈልጋል። «11.3 ወር» ሲባል ሁሉም ሴቶች በ11.3 ወር በሽታው አደገባቸው ማለት አይደለም። ግማሾቹ ከዚያ ቀድሞ፣ ግማሾቹ ከዚያ ዘግይቶ ነው የሚያድግባቸው፤ እጅግ ረጅም ጊዜ የሚቆዩም አሉ። ቁጥሩ የብዙዎችን ታሪክ ይናገራል እንጂ የአንዷን ዕጣ ፈንታ አይተነብይም።

መድኃኒቱን በተላመደው ካንሰር ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሁለት ኬሞቴራፒዎችን የደራረቡ ሙከራዎች በአብዛኛው የደም መመናመኑንና ድካሙን አበዙ እንጂ ዕድሜ አላራዘሙም። ስለዚህ ሐኪሞች አንድ በአንድ መስጠትን ለመዱ። ይህን የሰበረው ውጤቱ በ2014 የታተመው ኦሬሊያ የተባለው ሙከራ ነው። 361 ሴቶች አንድ ኬሞቴራፒ ወሰዱ፤ ለግማሾቹ ቤቫሲዙማብ ተጨመረ። ቤቫሲዙማብ ኬሞቴራፒ አይደለም፤ ዕጢው አዲስ የደም ሥር እንዳያበቅል የሚከለክል መድኃኒት ነው። መቅኒውን እንደ ኬሞው ስለማይጎዳ የኬሞውን መጠን መቀነስ አላስፈለገም። ካንሰሩ ሳያድግ የቆየበት ጊዜ ከ3.4 ወደ 6.7 ወር ከፍ አለ። የሆድ ሕመማቸውና መነፋታቸው በግልጽ የቀለላቸው ሴቶችም ከመቶ 9 ወደ 22 ደረሱ።

ጥቅሙ ግን ያለ ዋጋ አልመጣም። መድኃኒቱ የደም ግፊት ያስነሳል፤ ከመቶ ሁለት ገደማ በሚሆኑት ላይ አንጀት ወይም ጨጓራ እስከ መበሳት ደርሷል። ካንሰሩ አንጀታቸውን የነካ ሴቶች ወደ ጥናቱ እንዳይገቡ የተደረገውም አደጋው አስቀድሞ ስለታወቀ ነው። በጠቅላላ ዕድሜ የታየው የሦስት ወር ያህል ብልጫ በስታቲስቲክስ ሚዛን ከአጋጣሚ ሊለይ አልቻለም። ቢሆንም የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በዚያው ዓመት ፈቀደው። አንዲት ሴት ሆዷ ሳይነፋ፣ ውሃ ሳይቀዳላት የምታሳልፋቸው ሦስት ወራት ቀላል አይደሉምና ፍርዱ ትክክል ነበር ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ኦላፓሪብና ሴዲራኒብ እንመለስ። ኦላፓሪብ የካንሰር ህዋስ የተሰበረ ዲኤንኤውን እንዳይጠግን ያደርጋል። በተለይ ብራካ በሚባሉት ዘረመሎች ላይ ጉድለት ያለባቸውን ዕጢዎች ያጠቃል፤ እነዚህ ዕጢዎች ከጥገና መንገዶቻቸው አንዱን አስቀድመው አጥተዋልና። ሴዲራኒብ የደም ሥር ዕድገትን ይገታል። የቤተ ሙከራው ሐሳብ ማራኪ ነበር፤ ደም ያነሰው ዕጢ ኦክስጅን ያጥረዋል፣ ኦክስጅን ያጠረው ህዋስ ዲኤንኤ የመጠገን አቅሙ ይደክማል፣ የደከመውን ደግሞ ኦላፓሪብ ይጨርሰዋል። የ90ዎቹ ሴቶች ውጤትም ይህን የሚደግፍ መሰለ። ትልቁ ጥቅም የታየው የብራካ ጉድለት ባልተገኘባቸው ላይ ነበር።

ከዚያ 565 ሴቶችን ያሳተፈ ትልቅ ሙከራ ተጀመረ። በዚህኛው ጥንዱ የተወዳደረው ከኦላፓሪብ ጋር ብቻ አይደለም፤ ሴቶቹ ያለ ጥናቱ ቢሆን ከሚያገኙት የፕላቲነም ኬሞቴራፒ ጋርም ተፎካከረ። ውጤቱ በ2020 ይፋ ሆነ። በኬሞው 10.3 ወር፣ በጥንዱ 10.4 ወር፣ በኦላፓሪብ ብቻ 8.2 ወር። ሁለቱን ኪኒኖች አጣምሮ መውሰድ ከቆየው ሕክምና አልበለጠም፤ ተቅማጡ፣ ድካሙና የደም ግፊቱ ግን አብሮ መጣ።

የመጀመሪያው ጥናት ዋሽቷል ማለት ነው? አልዋሸም። የጠየቀው ጥያቄ ጠባብ ነበር። ጥንዱ ከአንዱ ኪኒን ይሻላል ወይ ብሎ ጠየቀ፤ አዎ የሚል መልስ አገኘ። ታማሚዋን የሚያስጨንቃት ግን ዛሬ ካለኝ ሕክምና ይሻላል ወይ የሚለው ነው፤ እሱን የሚመልሰው ሦስተኛው ምዕራፍ ብቻ ነው። አንደኛው ምዕራፍ በጥቂት ሰዎች ላይ ሰውነት የሚችለውን መጠን ይፈልጋል። ሁለተኛው መድኃኒቱ የሥራ ምልክት ማሳየቱን ያያል። ሦስተኛው በመቶዎች የሚቆጠሩ ታማሚዎችን በዕጣ ከፍሎ አዲሱን ከነባሩ ጋር ያፎካክራል። በዜና «ተስፋ ሰጪ» እየተባለ የሚነገረው ብዙ ጊዜ ከሁለተኛው ምዕራፍ የወጣ ወሬ ነው፤ አንባቢም የትኛው ምዕራፍ ነው ብሎ መጠየቅን ቢለምድ ከብዙ ከንቱ ተስፋ ይድናል።

የዕድገት መዘግየት ራሱ አንዳንዴ ያታልላል። ሩካፓሪብ የተባለው የኦላፓሪብ ዘመድ ከኬሞቴራፒ ጋር ሲፎካከር ካንሰሩን በጥቂቱ ረዘም ላለ ጊዜ ገትቶት ነበር። በጠቅላላ ዕድሜ ግን ኬሞውን የወሰዱት 25.4 ወር ሲኖሩ ሩካፓሪብ የወሰዱት 19.4 ወር ኖሩ። በ2022 አምራቾች ሩካፓሪብን ጨምሮ የዚህን ቤተሰብ መድኃኒቶች ብዙ ጊዜ ላገረሸ በሽታ እንደ ሕክምና ከመሸጥ በአሜሪካ ተቆጠቡ። ከኬሞ በኋላ በሽታው እንዳይመለስ ለማቆየት መሰጠታቸው ግን ለተመረጡ ሴቶች ቀጥሏል።

ከቅርብ ዓመታት የመጡት ጥንዶች ይበልጥ ብልሃት የተሞላባቸው ናቸው። ሮዜላ የተባለው ሙከራ የተነሳው ከኮርቲሶል ነው፤ ይህ ሰውነት በጭንቀት ጊዜ የሚያመነጨው ሆርሞን የካንሰር ህዋስ ኬሞን እንዲቋቋም ይረዳዋል። ሬላኮሪላንት የተባለው ኪኒን ኮርቲሶል የሚያርፍበትን ቦታ ይዘጋል። ተመራማሪዎቹ አጋር ያደረጉለት ከፕሮቲን ጋር የተያያዘውን ፓክሊታክሰል ነው፤ ተራው ፓክሊታክሰል ከመሰጠቱ በፊት አለርጂ እንዳይነሳ ስቴሮይድ ይወሰዳል፣ ስቴሮይድ ደግሞ ኪኒኑ የሚዘጋውን ያንኑ በር ያንኳኳል። በ2025 ይፋ በሆነው ውጤት መሠረት ከ381ዱ ሴቶች መካከል ኪኒኑ የተጨመረላቸው በመጀመሪያው የዕድሜ ትንተና 16 ወር ገደማ፣ ያልተጨመረላቸው 11.5 ወር ኖረዋል። ካንሰሩ ሳያድግ የቆየበት ጊዜ ልዩነት ግን አንድ ወር ብቻ ነበር። ያው የሩካፓሪብ ታሪክ፣ በተገላቢጦሽ።

የሰውነትን መከላከያ የሚቀሰቅሱት መድኃኒቶች በእንቁልጢ ካንሰር ላይ ለዓመታት አልሠሩም። አቬሉማብ ከዶክሶሩቢሲን ጋር ተጣምሮ 566 ሴቶች ላይ ተሞክሮ ወደቀ። ፔምብሮሊዙማብ ግን በየሳምንቱ ከሚሰጥ ፓክሊታክሰል ጋር ተጣምሮ፣ ለብዙዎቹም ቤቫሲዙማብ ታክሎበት፣ 643 ሴቶችን ባሳተፈ ሙከራ ተሳካለት። ዕጢያቸው ፒዲኤል 1 የተባለ ምልክት ባለው ሴቶች ላይ ዕድሜ ከ14 ወደ 18.2 ወር ከፍ ማለቱ በ2025 ተነግሯል። በአንድ ወገን የወደቀ ሐሳብ ከሌላ አጋር ጋር ሊነሳ እንደሚችል ያሳያል።

ከሁሉም የተለየው አቩቶሜቲኒብና ዴፋክቲኒብ የተባሉት ጥንድ ነው። የታለሙት በዝግታ ለሚያድግ፣ ከሌላው ዓይነት ይልቅ በወጣት ሴቶች ላይ ለሚታይና ለኬሞ እምብዛም ለማይበገር የእንቁልጢ ካንሰር ዓይነት ነው። አንደኛው መድኃኒት ለካንሰሩ የዕድገት ትእዛዝ የሚተላለፍበትን መስመር ይቆርጣል። ካንሰሩ ግን ዋናው በር ሲዘጋበት በጓሮ እንደሚያመልጥ ሌባ ነው፤ ሁለተኛው መድኃኒት የተቀመጠው በዚያ በጓሮ በር ላይ ነው። የአሜሪካ መንግሥት በግንቦት 2025 በአንድ እሽግ እንዲሸጡ የፈቀደው ካራስ በሚባል ዘረመል ላይ ለውጥ ባላቸው 57 ሴቶች ላይ ታይቶ ነው፤ ከመቶ 44ቱ ዕጢያቸው በጉልህ አንሷል። ፈቃዱ በፍጥነት የተሰጠ ስለሆነ የሚያረጋግጠው ትልቅ ሙከራ መከተል አለበት። የኦላፓሪብንና የሴዲራኒብን ታሪክ ያነበበ ሰው ጥንቃቄው ለምን እንዳስፈለገ ይገባዋል።

የእነዚህ ሙከራዎች አብዛኞቹ ታማሚዎች የተመለመሉት በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በእስያ ነው። በኢትዮጵያ በጥቁር አንበሳም ሆነ በሌሎች የካንሰር ሕክምና በሚሰጡ ሆስፒታሎች ለምትታከም ሴት ዋናው ነገር አሁንም ነባሮቹ መድኃኒቶች ናቸው። ደግነቱ በጥናት በደንብ የተመሰከረላቸው ካርቦፕላቲንና ፓክሊታክሰል በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ይገኛሉ። ስለ አዲስ ጥንድ ከማውራት በፊት እነዚህን ሳይቆራረጡ ማቅረብ ብዙ ሕይወት ያቆያል።

አሜሪካ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ደግሞ ሙከራው ሰፈራቸው ካለ ሆስፒታል ውስጥ ሊኖር ይችላል። በመካሄድ ላይ ያሉ ጥናቶች በመንግሥት መዝገብ ላይ ለማንም ክፍት ሆነው በነጻ ይነበባሉ። አብዛኞቹ የጤና ኢንሹራንሶች በሙከራ ላይ ያለን ታማሚ መደበኛ የሕክምና ወጪ እንዲሸፍኑ ሕግ ያስገድዳቸዋል፤ ከ2022 ጀምሮ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጠው የመንግሥት ኢንሹራንስ ሜዲኬይድም እንዲሁ። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል የአማርኛ አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ ስላለበት የልጅ ወይም የጎረቤት ትርጉም ላይ መደገፍ አያስፈልግም። እናት ወይም እህት ከመፈረሟ በፊት ምዕራፉ ስንተኛ እንደሆነ፣ አዲሱ መድኃኒት ከምን ጋር እንደሚወዳደር፣ የሚለካው ዕድሜ ይሁን የዕድገት መዘግየት፣ የትኛው ጉዳት ደግሞ አብሯት ሊቀር እንደሚችል ይጠየቅላት። የተፈረመ ወረቀት አያስርም፤ ተሳታፊዋ በፈለገችው ቀን ምክንያት ሳትሰጥ ከሙከራው መውጣት ትችላለች፣ መደበኛ ሕክምናዋም አይቋረጥባትም።